ስማቸውን ማን ጻፈው?

 

ዕለቱ የካቲት 12 ነበር። ከዓሱር ሶላት በኋላ ሮቤ ከተማ ውስጥ በማስተምርበት መድረሳ ልጆቹ ለቂርኣት ተሰብስበው ሳለ አንዱ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት በሰልፍ ላይ ለሰማዕታት የሕሊና ጸሎት አደረግን። ዝም ብዬ ቆምኩ፤ ግን በልቤ ምን እንደምል አላወቅሁም» አለኝ። ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ ቀጠለች፦ «እንግሊዝ አገር ያለችው አክስቴ በላከችልን ፎቶ ላይ ሰዎቹ ሁሉ ደረታቸው ላይ ቀይ አበባ ሰክተዋል። በጦርነት ለሞቱባቸው ነው አለችን። ለእኛዎቹስ ምን ይደረግላቸዋል ኡስታዝ?»

«ዱዓ ይደረግላቸዋል» አልኩና ወደ ትምህርታችን መለስኳቸው። መልሴ ስሕተት አልነበረበትም። ማታ ከዒሻ በኋላ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እኔም ዱዓ የማደርግለት፣ በ1970 ዓ.ም. ከዘመተበት ያልተመለሰ አጎት አለኝ። የት እንደወደቀ፣ በየትኛው ወር እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው አላውቅም። ስለዚህ ለልጆቹ ያሳጠርኩትን መልስ ዛሬ ለእናንተ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ።

የቀዩ አበባ ነገር

ለመሆኑ ያ አበባ ምንድን ነው? ፖፒ ይባላል። በአውሮፓ ገበሬው ሳይዘራው በስንዴ ማሳ ውስጥ በራሱ የሚበቅል ነው። የሮቤ ሰው ስንዴ አብቃይ ስለሆነ ነገሩ ይገባዋል፤ አፈሩ ሲገለበጥ ተኝቶ የቆየ የአረም ዘር ብርሃን አግኝቶ ይነሣል። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቤልጂግና የሰሜን ፈረንሳይ ማሳዎች በመድፍ ተገለባበጡ፤ መቃብርም ሆኑ። በዚያ በታረሰ በሚመስል ምድር ላይ ቀዩ አበባ በብዛት ፈላ። ጆን ማክሬ የሚባል ካናዳዊ የጦር ሐኪም በ1915 ስለዚሁ ግጥም ጻፈ። ሞይና ማይክል የምትባል አሜሪካዊት አስተማሪ ግጥሙን አንብባ በ1918 አበባውን በልብሷ ላይ ማድረግ ጀመረች። አና ጌራን የምትባል ፈረንሳዊት ደግሞ ከጨርቅ የተሠራው አበባ እየተሸጠ ገንዘቡ ጦርነት ለጎዳቸው እንዲውል ደከመች። እንግሊዞች በ1921 ተቀበሉት። ጦርነቱ ያበቃበትን ኅዳር ወር አስታውሰው ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆምን የጀመሩት ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1919 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ጦርነት ከሞቱት መካከል የእኛ የእምነት ወንድሞችም ነበሩ። በእንግሊዝ ሥር በነበረው የሕንድ ሠራዊት ውስጥ ወደ 400,000 የሚገመቱ ሙስሊሞች አገልግለዋል። ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የእንግሊዞች ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ለመቀበል ከሕንድ ወታደሮች የመጀመሪያው የሆነው ኹዳዳድ ኻን ሙስሊም ነበር። ሜዳዩን ያገኘው በጥቅምት 1914 ቤልጂግ ውስጥ ጓዶቹ በሙሉ ተገድለውበት፣ ራሱም ቆስሎ፣ መትረየሱን ሳይለቅ በመዋጋቱ ነው።

የሞቱትን ስም ለመመዝገብና መቃብራቸውን ለመጠበቅ እንግሊዞች በ1917 አንድ ኮሚሽን አቋቋሙ። መመሪያው መልካም ነበር፤ መኮንን ሆነ ተራ ወታደር፣ ነጭ ሆነ ጥቁር፣ የሁሉም መታሰቢያ እኩል ይሁን የሚል ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በኋላ በ2021 ያው ኮሚሽን ራሱን መርምሮ አሳዛኝ ነገር አመነ። በተለይ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ከዘመቱት መካከል ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሙታን በስማቸው አልታሰቡም፤ ከነጭራሹ ያልታሰቡም አሉ። ኮሚሽኑም ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ አስቡት! አበባው በየዓመቱ በየደረቱ ይሰካ ነበር፤ ዝምታውም በየዓመቱ ይታሰብ ነበር። የእነዚያ ሰዎች ስም ግን መዝገብ ላይ አልነበረም። በሞምባሳ ወይም በካይሮ ለቀረች እናት ከአበባው ይልቅ የልጇ ስም አይበልጥባትም ነበርን?

የእኛዎቹስ?

በሰው ጉድለት ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው። እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ።

በአገራችንም የመታሰቢያ ቀን አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች አዲስ አበባ ላይ በሦስት ቀን ውስጥ ሕዝብ ፈጁ፤ በኢትዮጵያ መንግሥት አቆጣጠር የሞቱት 30,000 ነበሩ። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት ለእነርሱ የቆመ ነው። ሚያዝያ 27 ደግሞ የድል በዓል ነው። የ1933ቱ ድል ሲገኝ ከአርበኞቻችን ጎን ከሕንድ፣ ከሱዳን፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ወታደሮች ተሰልፈው ነበር፤ ከእነርሱም ውስጥ ሙስሊሞች ብዙ ነበሩ።

ባሌም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። የባሌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ሆነው ጠላትን ሲዋጉ ቆይተው በዚያው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከጎጌቲ ውጊያ ጋር ተያይዞ ሕይወታቸውን አጡ። ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። በኦጋዴን በኩል ጣሊያንን የተዋጋው ሶማሌው ሙስሊም ዑመር ሰመተርም ስሙ ይነሣል። ነገር ግን ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ ከደጋው የተከተለው ተራ ሰው ማን ይባል ነበር? የማን ልጅ ነበር? ጣሊያን ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለመለየት መስጊድ እየሠራ፣ ሐጅ እየላከ ሲያባብል የተታለለም ነበር፤ ያልተታለለም ነበር። ያልተታለለው በስሙ ካልተጻፈ ግን ሁሉም እንደ ተታለለ ተቆጥሮ ሊቀር ነው።

ከዚያም ወዲህ ሐዘኑ አላቋረጠም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በመሬትና በግብር፣ በአስተዳደር በደልና በእምነት መናቅ የተነሣ የባሌ ገበሬ አመፀ። በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪዎች ሥር የተዋጉት ሞቱ፤ ታዘው የመጡት ወታደሮችም ሞቱ። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር፣ ከ2013 እስከ 2015 ደግሞ በሰሜን ጦርነት ሆነ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች በአንዱም ጦርነት የቀማው ልጅ የለም የሚል ማን ነው? በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም በዚህ ወገን፣ ሌላው በዚያ ወገን የሞተበትም አለ። ማን ሸሂድ እንደሆነ ኒያን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው፤ እኛ በዚያ ላይ ፈራጅ አይደለንም። እናት ግን ሁለቱንም ወልዳለች። የሁለቱንም ስም መጻፍ ፍርድ መስጠት አይደለም።

ከኡሑድ እስከ የማማ

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። በእስልምና የወደቁትን ማክበር እንዴት ነው?

በሦስተኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሰባ ያህል ሶሓባዎች ወደቁ። ከእነርሱ አንዱ ሙስዐብ ኢብን ዑመይር (ረ.ዐ.) ነበር። መካ ሳለ በምቾትና ባማረ ልብሱ የታወቀ ወጣት ነበር። የሞተ ጊዜ ግን ከአንዲት ጨርቅ በቀር መከፈኛ አልተገኘለትም። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሱ በጨርቁ እንዲሸፈን፣ እግሩ ላይ ደግሞ ኢዝኺር የሚባል ሽታው ደስ የሚል ሣር እንዲደረግበት አዘዙ። በሙስዐብ ላይ የተደረገው ሣር ለጌጥ አልነበረም፤ የጎደለውን ሊሸፍን ነው። የዚያን ቀን ሁለት ሁለቱን በአንድ መቃብር ሲያኖሩም ነቢዩ ከሁለቱ ቁርኣን የበለጠ የያዘው የትኛው እንደሆነ እየጠየቁ እርሱን ያስቀድሙ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ሟች ተጠየቀ ማለት ነው፤ በጅምላ አልተቀበሩም።

በሩቅ የሞተውስ? ሬሳው ላልመጣልን ለእኛ ለሐበሾች ይህ ታሪክ ልዩ ነው። ሶሓባዎችን ያስጠለለው ነጃሺ እዚህ በሐበሻ ምድር ሲሞት ነቢዩ መዲና ሆነው በዚያው ቀን ሞቱን ተናገሩ፤ ሶሓባዎችን አሰልፈው በአራት ተክቢራ ሰገዱበት። በሩቅ ባለ ሟች ላይ ስለ መስገድ ዑለማዎች በዝርዝሩ ቢለያዩም፣ በአገራችን በብዛት የሚከተሉት የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ለመፈቀዱ ከሚያቀርቡት ማስረጃ ዋናው ይኸው ነው። ርቀት ሟችን ከማሰብ አላገደም።

ሦስተኛው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ከነቢዩ ሕልፈት በኋላ በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃል የያዙ ብዙ ሰዎች ተገደሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) ደነገጡ፤ በእነዚህ ሰዎች ደረት ውስጥ ያለው አብሯቸው እንዳይቀበር ፈሩ። ወደ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሄደው ቁርኣኑ ይሰብሰብ አሉ። አቡበክር መጀመሪያ አመነቱ፤ ኋላ ግን አላህ ልባቸውን ከፈተላቸውና ለዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ.) አዘዙ። ቁርኣኑ በአንድ ላይ ተጻፈ። ዛሬ ልጆቻችን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚቀሩበት ሙስሐፍ መነሻው ይህ ነው። ቀደምቶቻችን ለየማማ ሙታን ሐውልት አላቆሙም። ብዕር አነሡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አበባ ስለ መስካትና በዝምታ ስለ መቆም ፈትዋ መስጠት የእኔ ደረጃ አይደለም፤ ለዑለማዎቻችን ትቼዋለሁ። ለተማሪዬ የነገርኩት ይህን ነው፦ «ከጓደኞችህ ጋር በጨዋነት ቁም። ነቢያችን የአይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ እንኳ ተነሥተዋል፤ ነፍስ ናትና። በልብህ ደግሞ ላንተ ለሞተብህ ሰው ዱዓ አድርግ። ለዚያ ግን ማን እንደሞተብህ ማወቅ አለብህ።»

ቁም ነገሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ደብተር ይግዛ። የሟቹን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የትውልድ መንደሩን፣ የወጣበትን ዓመት፣ መርዶውን ማን እንዳመጣ ይጻፍ። ዕዳ ነበረበት ወይ? ነቢዩ ሬሳ ሲቀርብላቸው ስለ ዕዳው ይጠይቁ ነበር፤ ከፋይ ያልተገኘለትን ባልደረባቸው ዕዳውን እስኪረከብ ድረስ ሳይሰግዱበት ቆይተዋል። ስንት ዘማች የባለ ሱቅ ዕዳ እንዳለበት ሞቶ ይሆን? የቲም ትቶ ነበር ወይ? የቲሙ አሁን የት ነው? እነዚህ ከተጻፉ ዱዓችን አቅጣጫ ያገኛል፤ ሰደቃችንም ባለቤት ያገኛል። ካልተጻፉ ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተራ በተራ ይሄዱብናል።

ይህን የምላችሁ ተመጻድቄ አይደለም። አባቴ ስለ ወንድሙ ያውቅ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር እሳት ዳር ተቀምጦ ያወራልን ነበር፤ የቦታውን ስም፣ መርዶ ነጋሪውን፣ ወንድሙ ሲወጣ የለበሰውን ጋቢ ሳይቀር። እኔ መጻፍ የማስተምር ሰው ነኝ። ጠመኔና ብዕር ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። አንድ ቀን እጽፈዋለሁ እያልኩ አባቴ ወደ አኼራ ሄደ። አሁን ሁለቱ አክስቶቼ በቦታው ስም አይስማሙም፤ አንዷ ጂጂጋ ትላለች፣ ሌላዋ ሐረር ትላለች።

ልጆቹ በጠየቁኝ ማግስት ጎባ ወዳለችው ታላቋ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ደብተሩን ስታይ «ምን ልታደርግበት ነው?» አለችኝ። «አጎቴን ልጽፈው» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በሬ ወግቶት ነው። እሱን መጀመሪያ ጻፍ» አለችኝ። ይህን አባቴም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ጻፍኩት። የወደቀበትን ቦታ ግን ባዶ ተውኩት። እናንተ አባት እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ በዚህ ጁሙዓ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። አላህ ለሞቱብን ሁሉ ይዘንላቸው፤ ሰላሙን ያውርድልን።

ወላሁ አዕለም።