ቃጫ

ቃጫ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ የሚተርፈውን፣ ገመድ የሚገመድበትን ጠንካራ ክር ነው። በኬሚስትሪ ቋንቋ ግን የዕፅዋት ቃጫ በዋናነት ሴሉሎስ ነው፤ ፈረንሳዊው አንሴልም ፓየን በ1838 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያወጣው፣ ግሉኮስ ከግሉኮስ የተቀጣጠለበት ረጅም ሰንሰለት። እንጨት ውስጥ ቃጫዎቹን አጣብቆ የሚይዛቸው ሊግኒን ነው። የወረቀት ፋብሪካ እንጨቱን በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ቀቅሎ ሊግኒኑን ያሟሟል፤ የተረፈውን ጥቁር ፈሳሽ አቃጥሎ ኃይል ያገኝበታል፣ ኬሚካሉንም መልሶ ይጠቀምበታል። የራሰው ቃጫ ሲደርቅ ያለ ማጣበቂያ፣ በሃይድሮጅን ትስስር እርስ በርሱ ይያያዛል። ውሃ ይህን ትስስር ስለሚያላላው ያገለገለ ካርቶን ተዘፍዝፎ እንደገና ካርቶን ይሆናል። የወረቀት ኩባያ ግን ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በስስ ፕላስቲክ ስለሚለበድ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። «ከቃጫ የተሠራ» የሚል ዕቃ ስንገዛ በምን እንደተለበደም እንጠይቅ።