ስም ከማን ወደ ማን? ሰሊሚዬ፣ ነጋሽ እና አቃቂ

ከአቃቂ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ «አቦ ጋ ወራጅ አለ!» ያለ ተሳፋሪ ለረዳቱ ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅበትም። ያንኑ ቃል በሌላ መስመር ቢናገረው ግን «የትኛው አቦ?» መባሉ አይቀርም። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የተተከለ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ነውና፣ ይሄኛውን ከሌላው የሚለየው ሳሪስ የሚለው የሰፈር ስም ነው። ደብሩ መለያውን ከሰፈሩ ይበደራል፤ ውሎ አድሮ ደግሞ ስሙን ለፌርማታውና ለአካባቢው ያበድራል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ቦታና ቤተ አምልኮ አንድ ስም ሲጋሩ ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን ነው?

በኦቶማን ዓለም ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ሱልጣኑ ነው። «ሰሊሚዬ» ማለት «የሰሊም» እንደ ማለት ነው። ሚማር ሲናን በኤዲርኔ ከ1568 እስከ 1575 እ.ኤ.አ. የሠራው ታላቁ መስጊድ የዳግማዊ ሰሊም ነው። በኢስታንቡል ኡስኩዳር ያለው ሰሊሚዬ ግን የሣልሳዊ ሰሊም ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው የጦር ሰፈርም ሆነ መንደሩ በዚሁ ስም ይጠራል። የቆጵሮሷ ኒኮሲያ ነገር ይለያል። የቅድስት ሶፊያ ካቴድራል ወደ መስጊድነት የተለወጠው በ1570 ቢሆንም ሰሊሚዬ የተባለው በ1954 ነው፤ ዳግማዊ ሰሊም ከሞተ 380 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዞ የሕንፃውን ዕድሜ የሚገምት ተመራማሪ ይሳሳታል። ሱለይማኒዬ የሚለው ስም ደግሞ የባሰ ያሳስታል፤ በኢራቅ ያለችው የኩርዶች ከተማ ሱለይማኒያ የተቆረቆረችው በ1784 ሲሆን፣ ከኢስታንቡሉ የቀዳማዊ ሱለይማን መስጊድ ጋር የሚያገናኛት የስም መመሳሰል ብቻ ነው።

ከተሞች ስም ይቀይራሉ፣ መስጊዶች ግን ብዙውን ጊዜ በስማቸው ይጸናሉ። ዛሬ ኤሚርዳግ እና ፒናርባሺ የሚባሉት የቱርክ ከተሞች ቀድሞ ሁለቱም አዚዚዬ ይባሉ ነበር፤ በሱልጣን አብዱላዚዝ ስም መሆኑ ነው። የኮንያው አዚዚዬ መስጊድ ግን እስከ ዛሬ አዚዚዬ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የቅርቡ አቻ በትግራይ፣ ከውቅሮ በስተሰሜን ያለችው ነጋሽ ናት። ከተማዋና አል-ነጃሺ መስጊድ የሚጋሩት ስም የማንም መሥራች ስም አይደለም፤ ማዕረግ ነው። «ነጋሢ» ወደ ዐረብኛ ተሻግሮ «ነጃሺ» ሆነ፤ የነቢዩን ተከታዮች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቀበለው ንጉሥ እዚያው እንደተቀበረ በሚነገረው ትውፊት በኩል ደግሞ ወደ ምድሩ ተመለሰ። አንድ ቃል ባሕር ተሻግሮ፣ ድምፁን ቀይሮ፣ ከወጣበት አገር መግባቱ ነው። በእኔ ግምት ከሰሊሚዬዎቹ ሁሉ የሚበልጥ ታሪክ ያለው ይህ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በትግራዩ ጦርነት ጉዳት የደረሰበትን ይህን መስጊድ ከዚያ ቀደም ያደሰው ቲካ የተባለው የቱርክ መንግሥት የትብብር ድርጅት ነበር።

በአቃቂ ሰጪው ሱልጣንም ንጉሥም አይደለም፤ ወንዝ ነው። ትልቁ አቃቂ እና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን በምሥራቅና በምዕራብ አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። አቃቂ ሲባል ወንዙ ነው፣ የባቡር ጣቢያ የነበራት ከተማም ናት፣ ከቃሊቲ ጋር ተጣምሮም ክፍለ ከተማ ነው።

ስም በዐዋጅ ሲለወጥ አፍ ወዲያው እንደማይከተል ለማየት ከአቃቂ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ቢሾፍቱ በ1955 እ.ኤ.አ. ደብረ ዘይት ተባለች፤ ኋላም ቢሾፍቱ የሚለው ስሟ በይፋ ተመለሰ። በአቃቂ በኩል ወደዚያ የሚወስደውን ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ግን አሁንም ሁለቱንም ስም ይሰማል።