ርዳታና ምስክር፤ ከ1977 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን

በአገራችን ክፉ ዘመን በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይነሣል፤ አንዱ ያለውን ያካፍላል፣ ሌላው በተራበው ሰው ስም ይበላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለተኛው የሚገባበትን በርና በሩ የሚዘጋበትን መንገድ ከታሪክ ለማመልከት እንሞክራለን።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ የአንድ ገበሬ ቤት ቢቃጠል ወይም በሬው ቢሞትበት የሚደርስለት ጎረቤቱና ማኅበርተኛው ነው። መዋጮው በሰው ፊት ይሰበሰባል፤ ሰጪው ተቀባዩን፣ ተቀባዩም ሰጪውን ያውቃል። በዚህ መካከል አታላይ የሚገባበት ቦታ ጠባብ ነው። ነገር ግን መዓቱ ከአጥቢያ አልፎ አገር ሲያዳርስ ሰጪው ሩቅ ይሆናል፤ በመካከሉም የማይታወቅ እጅ ይገባል።

ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን በምትገኘው በእብናት በ1977 ዓ.ም. ታላቅ የርዳታ መጠለያ ነበረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ባለ ሥልጣኖች በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠረውን ረኃብተኛ በግድ አስወጥተው ጎጆዎቹን አቃጠሉ። መንግሥት በመጀመሪያ ሕዝቡ በፈቃዱ ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ተናገረ፤ በኋላ ግን ስሕተት መፈጸሙን አመነ። እውነቱ የወጣው በስፍራው የነበሩ የርዳታ ሠራተኞች ያዩትን ስለ ተናገሩ ነው። ምስክር ባይኖር ኖሮ የተባረረው ሕዝብ እንደ ተረዳ ተቆጥሮ ይቀር ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የቀድሞ ታጋይ፣ በዚያው የረኃብ ዘመን በትግራይ ነጋዴ መስሎ፣ ከእህል ጋር አሸዋ የተሞላ ከረጢት ለውጭ አገር ርዳታ ሰጪዎች እንደ ሸጠ በቢቢሲ ተናገረ። ገዝቷል የተባለው የርዳታ ሠራተኛ ነገሩን አስተባበለ። ቢቢሲም የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ለመዋሉ ማስረጃ እንዳልነበረው በ2003 ዓ.ም. አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ ከረጢቱን ፈትቶ ማየት እንደሚገባ ሁሉ ክሱንም መርምሮ መቀበል ይገባል።

ሦስተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። በ2015 ዓ.ም. የርዳታ እህል በብዛት ተመዝብሮ ስለ ተገኘ፣ የአሜሪካ የርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሰኔ ወር በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታ አቆሙ። ሥርጭቱ እንደገና የተጀመረው ከወራት በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ያልሰረቀው ረኃብተኛ የሌባውን ዕዳ ከፈለ።

ዛሬ ልመናው በስልክ ይመጣል፤ የመሬት መንሸራተት ወይም ድርቅ በተሰማ ማግሥት የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የሚያስለቅስ ፎቶግራፍ ይደርሰናል። መልሳችን የአባቶቻችን ጥያቄ ይሁን፤ ማን ያውቅሃል? ድርጅት ነኝ ካለ በ1113/2011 አዋጅ መሠረት መመዝገቡ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይጠየቃል። ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ነው ወይስ በግለሰብ? ርዳታው ደርሷል በተባለበት ቀበሌ ያለ ካህን፣ መምህር ወይም ዘመድ ምን ይላል? ለመጠየቅ ጊዜ የማይሰጥ ለማኝ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ የንፍገት መሸፈኛ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ከላይ ያየናቸው ነገሮች ሰው መስጠቱን እንዲተው አያስተምሩም፤ የሚሰጠውን እስከ ተቀባዩ እጅ ድረስ እንዲከተል እንጂ። የተራበ ሰው ምርመራችን እስኪያልቅ አይቆይምና፣ ምስክሩን አስቀድሞ በደኅናው ዘመን ማወቅ ይሻላል።