ሚያዝያ 27 እና መጋቢት 28፤ ከቢቸናና ከሞጣ በኩል ሲታዩ

ሚያዝያ 27 ቀን በአገራችን ታሪክ ሁለት ጊዜ ታላቅ ነገር ተፈጽሞበታል። በ1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ቀን ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ መናገሻቸው ገቡ። ልክ አምስት ዓመት ነው፤ አልጎደለም፥ አልተረፈም። ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነውን? ነገሩን ከጎጃም በኩል ስንመረምረው እንዲህ ሆኖ አላገኘነውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው፥ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያው ዕለት ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። እንግዲህ ዋናው ከተማ ከጠላት እጅ ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ወር ያህል መቆየታቸው ነው። እንግሊዞች በከተማው የነበሩትን ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ደኅንነት ምክንያት አድርገው አዘገዩዋቸው። መዘግየቱ የእንግሊዞች ሥራ ሲሆን፥ የቀኑ ምርጫ ግን የንጉሠ ነገሥቱ ይመስለናል።

ደርግ የድሉን በዓል ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። (በፈረንጆች አቆጣጠር በዓሉ የሚውለው ግንቦት 5 ቀን የካርል ማርክስ ልደት ነው! ነገር ግን ማርክስ የተወለደበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲሰላ ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ዓ.ም. ይሆናል። ፈረንጆች በ1900 ዓመታቸው ጳጉሜን ስድስት የሚያህለውን ቀን ስለ ዘለሉ፥ ከዚያ በፊት በነበረው ክፍለ ዘመን ያለው ቀን በአንድ ይለያል።)

በቢቸናና በሞጣ ገጠር ግን ቀን የሚታወቀው በቁጥሩ ሳይሆን በታቦቱ ነው። ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፥ ሃያ ስምንት አማኑኤል ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ሞጣ ጊዮርጊስን ካስተከሉ ወዲህ ሃያ ሦስት የሞጣ ቀን ነው፤ የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዕለተ ጊዮርጊስ ስለ ሆነ፥ ለሞጣ ሰው ቀኑን ማስታወስ አያስቸግረውም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ግን እንዲህ ያለ የሚታወስ ቀን አናገኝለትም። በቢቸና አገር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የመሩት ውጊያ ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባበት ዕለት አልተጀመረም፤ ድካሙም የብዙ ዓመት እንጂ የአንድ ቀን አይደለም። ሁለቱም የበዓል ቀኖች የተቆረጡት በአዲስ አበባ በሆነው ነገር ነው። ደጃዝማች በላይም ንጉሠ ነገሥቱ ከተመለሱ አራት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1937 ዓ.ም. በዚያው በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ።