ፓራታይሮይድ፦ አጎራባች ዕጢ

«ችግሩ የልጅሽ አንገት ውስጥ ያለው ዕጢ ነው» የተባለች እናት ከዚያ በኋላ የሚነገራትን አትሰማም፤ ልቧ ካንሰር ብሎ ጨርሷል። አማርኛችን ሆርሞን የሚያመነጨውን ጤነኛ የሰውነት ክፍልም፣ የሚያስፈራውን እባጭም በአንድ ስም «ዕጢ» ይላቸዋል። ፓራታይሮይድ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል፤ በዕጢው ላይ ዕጢ ይወጣልና።

ቃሉ ከግሪክ ነው፤ «ፓራ» አጠገብ፣ «ታይሮይድ» ጋሻ መሰል። «ጋሻ ጃግሬ» ብንለው ያምር ነበር፤ ግን ጃግሬ ለጌታው ያድራል፣ እነዚህ ዕጢዎች ግን ለጎረቤታቸው ለታይሮይድ ዕጢ አይታዘዙም። «ጎነ ታይሮይድ» እንዳንል «ጎነ ሦስት» ይጋፋናል። እኔ «አጎራባች ዕጢ» እላለሁ፤ የሚወጣበትን ደግሞ «እባጭ»።

አጎራባች ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ አራት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ ቢያክሉ ነው። ስዊድናዊው የሕክምና ተማሪ ኢቫር ሳንድስትሮም በሰው ላይ መኖራቸውን በ1880 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳወቀ። ሥራቸው የደምን ካልሲየም መመጠን ነው፤ ሲጎድል ሆርሞን ለቀው ከአጥንት ያስወጣሉ፣ በሽንት እንዳይባክንም ያደርጋሉ።

በልጆች ላይ ሕመማቸው ብርቅ ነው። በጉርምስና ዕድሜ ሲከሰት በብዛት አንዱ ዕጢ ብቻ አብጦ ሆርሞኑን ያለ ልክ ይለቃል፣ የደም ካልሲየምም ይበዛል፤ እባጩም ካንሰር አይደለም ማለት ይቻላል። ልጁ ይደክመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ውኃ ውኃ ይለዋል፣ ስንፍና ተብሎም ይታለፋል፤ አንዳንዱ የሚታወቀው የኩላሊት ጠጠር ሲያመው ነው። በአራስ ላይ የሚታየው ብርቱ ዓይነት ግን በዘር የሚመጣ ነው፤ አራቱንም ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ቀዶ ጥገናው የሚያስገርም መላ አለው። ሆርሞኑ በደም ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ፣ ሐኪሙ እባጩን ካወጣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደም ያስመረምራል። መጠኑ ከግማሽ በላይ ከወረደ ቁስሉ ተሰፍቶ ይዘጋል፤ ካልወረደ ሌላ ያበጠ አለ ማለት ነው፣ ፍለጋው ይቀጥላል። ድምፅን የሚያዘው ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ እጁ የተፈታ ቀዶ ሐኪም ይሻል።

ከዚያ በኋላ የተራበው አጥንት ካልሲየሙን ከደም ይስባል፣ የቀሩት ዕጢዎችም ገና አልነቁም። ልጅዎ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከንፈሩ ዙሪያ ወይም ጣቶቹ ላይ «ነዘረኝ» ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።