ስለ እርጥበት አለካክ፤ ከቡሹሎ ጓሮ እስከ ሐዋሳ የቡና መጋዘን

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው በቡሹሎ ቆጮ የምታዘጋጅ ሴት ሚዛን ሳትይዝ ውሃ ትለካለች ብንል አንባቢ ይገረም ይሆናል። ነገሩ ግን እውነት ነው። ከእንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖበት በጉድጓድ የከረመው ቆጮ ሲወጣ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። ባለሙያዋ ትጨምቀዋለች፤ ከዚያም ጥቂት አንሥታ በእጇ ትጨብጠዋለች። በጣቶቿ መካከል ውሃ ብቅ ካለ ገና ነው፤ እንደገና ይጨመቃል። ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ግን ደርሷል፤ ተከትክቶና ተነፍቶ ወደ ምጣድ ይሄዳል። ቁጥር አልተነገረም፤ መጠኑ ግን ታውቋል።

በቆሎና ቡናም እንዲሁ ነበሩ። ገበሬ የበቆሎዋን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ደርቃለች፣ ከተጨፈለቀች እርጥብ ናት። ጀንፈል ቡና በእፍኝ ተይዞ ከጆሮ አጠገብ ሲወዘወዝ ፍሬው በሽፋኑ ውስጥ ካንኳኳ ይበቃዋል ይባላል። እነዚህን ዘዴዎች እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ዘዴዎቹ የሚደክሙት ሻጭና ገዢ የተለያዩ ሰዎች በሆኑ ጊዜ ነው። ለራሷ ቤት ቆጮ የምትጨምቅ ሴት ከማንም ጋር አትከራከርም፤ ቡና የሚሸጥ ሰው ግን የእሱ ጥርስ «ደርቋል» ሲል የነጋዴው ጥርስ «አልደረቀም» ሊል ይችላል።

ክርክሩም ስለ ገንዘብ ነው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ ቡና 86 ኪሎ ደረቅ ነገርና 14 ኪሎ ውሃ ነው። ይኸው ቡና ወደ 11.5 በመቶ ሲወርድ ደረቁ ነገር 86 ኪሎ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ጠቅላላ ክብደቱ ግን ወደ 97.2 ኪሎ ይቀንሳል። ገዢው በመጀመሪያው ክብደት ከፍሎ ከሆነ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ውሃ በቡና ዋጋ ገዝቷል ማለት ነው። በ100 ኩንታል ጭነት ላይ ሲሰላ 2.8 ኩንታል ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ ገበሬው ፈርቶ እስከ 9 በመቶ ያደረቀው እንደ ሆነ ከየ100 ኪሎው ሌላ 2.75 ኪሎ ያህል በነፃ ይሰጣል፤ ከመጠን ያለፈ የደረቀ ፍሬም ሲፈለፈል ይሰበራል።

ይህ ጠብ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሐር ከአየር ብዙ ውሃ የሚስብ ክር ስለ ሆነ የፈረንሳይ የሐር ነጋዴዎች ውሃ በሐር ዋጋ እየተሸጠብን ነው እያሉ ሲካሰሱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1805 በናፖሌዎን ዘመን በሊዮን ከተማ የሐርን እርጥበት የሚመረምር የሕዝብ ቤት በአዋጅ ቆመ። በዚያ ቤት የሚመዝነው ሻጩም ገዢውም አልነበረም፤ ሦስተኛ ሰው ነበረ። እኛ ከመሣሪያው ይልቅ ይህን ሦስተኛ ሰው እንደ ትልቁ ፈጠራ እንቈጥረዋለን።

የአለካኩ መሠረት እስከ ዛሬ አንድ ነው፤ መመዘን፣ ማድረቅ፣ እንደገና መመዘን። ለጥሬ ቡና ምድጃው 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል፤ ናሙናውም ብዙ ሰዓት ይቆይበታል። መኪና አቁሞ ለሚጠብቅ ነጋዴ ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንና ዱቬል የተባሉ አሜሪካውያን እህልን በዘይት ቀቅለው የሚተነውን ውሃ በተሰነጠረ ብልቃጥ የሚያጠራቅም መሣሪያ አወጡ። በተከታዩ ዓመት ብሪግስ የተባለ ሊቅ እርጥብ ስንዴ ከደረቅ ስንዴ ይልቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ አሳየ። ዛሬ በየመጋዘኑ የምናያቸው፣ በጥቂት ሰኮንድ ቁጥር የሚያሳዩት መለኪያዎች በእህሉ የኤሌክትሪክ ጠባይ ላይ የቆሙ ናቸው። እነዚህ መሣሪያዎች ውሃውን በቀጥታ አይመዝኑም፤ የሚነግሩን ግምት ነው። በምድጃ ውጤት ካልታረሙ፣ ወይም ለጥሬ ቡና የተዘጋጀ መለኪያ ገና ሽፋኑ ያልተገፈፈ ቡና ከቀረበለት፣ በድፍረት ስሕተት ይናገራሉ።

የሲዳማ ቡና ወደ ሐዋሳ መውረድ የጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ከተማዋ ራሷ የተቆረቈረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ይርጋለም ነበረች። የቡናን ጥራት በመንግሥት ደረጃ የሚቈጣጠረው የቡና ቦርድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመፈልፈያ ጣቢያዎች በሲዳማና በጌዴኦ ሲስፋፉ የእርጥበት ጉዳይ ከበፊቱ ከበደ፤ የታጠበ ቡና በአልጋ ላይ ሲሰጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነውና። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ቡናን ሲያገበያይ ሐዋሳ ከመረከቢያ ቦታዎቹ አንዷ ሆነች፤ በውሉም የእርጥበቱ ጣሪያ 11.5 በመቶ ተባለ። የሊዮኑ ሦስተኛ ሰው በመጨረሻ ሐዋሳ ደረሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ቅር ይለናል። ቡናው የሚደርቀው በአለታ ወንዶና በዳሌ ነው፤ የሚታመነው ቁጥር የሚነበበው ግን መንገዱ ሲያልቅ ነው። እዚያ 13 በመቶ የተነበበበት አቅራቢ ጭነቱን መልሶ ለማስጣት ይገደዳል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ጉዳቱን ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢውም ለገበሬው ማስተላለፉ አይቀርም። ገበሬው ግን መለኪያውን አላየውም። እርሱ ዘንድ ዛሬም ዳኛው ጥርስ ነው።

ለቡሹሎ በቆሎ የሚረዳ ርካሽ ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት በቆሎ ጨምሮ መወዝወዝ ነው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ጐተራ መግባት የለበትም። ይህ ዘዴ ግን 13ን ከ11.5 ስለማይለይ ለቡና አይበቃም። ለቡና የሚሻለው ተራ ሚዛን ነው። ከመፈልፈያ የወጣ የታጠበ ቡና ውሃው 55 በመቶ መሆኑ አንድ ጊዜ በምድጃ ከታወቀ፣ ከዚሁ ቡና 10 ኪሎ መዝኖ በአልጋው ጥግ ለብቻው ምልክት አድርጎ ማስጣት ይቻላል። በውስጡ ያለው ደረቅ ነገር 4.5 ኪሎ ነው። ሠራተኛው በየማታው ያንኑ ቡና ይመዝናል፤ 5.1 ኪሎ ገደማ ሲደርስ አልጋው በሙሉ ይነሣል።