ዜና ዕረፍትና የዘር ሐረግ ፍለጋ በካንሳስ

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የሞት ምዝገባ በመላ ግዛቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)። ካንሳስ ግን የፌዴሬሽኑ አባል የሆነችው ከዚያ 50 ዓመት ቀድማ፣ በ1861 ነበር። በመካከሉ የሞተ ገበሬ፣ ባለሱቅ ወይም የቤት እመቤት ብዙውን ጊዜ የሞት የምስክር ወረቀት የለውም። የ1890ው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብም በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ክፉኛ ተጎድቶ፣ ትራፊው ኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግዷል። ግዛቲቱ በ1885 እና በ1895 ያካሄደቻቸው የራሷ ቆጠራዎች ክፍተቱን በከፊል ይሞላሉ። ከዚህ ሌላ ለተወላጅ የሚቀረው የመቃብር ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብና የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ነው።

ጋዜጦቹ እስከ ዛሬ የቆዩት በአጋጣሚ አይደለም። የካንሳስን የታሪክ ማኅበር በ1875 የመሠረቱት የግዛቲቱ ጋዜጣ አዘጋጆችና አሳታሚዎች ራሳቸው ሲሆኑ፣ የሚያትሙትንም ለማኅበሩ ያበረክቱ ነበር። ጋዜጦቹ ያን ያህል የበዙበትም ምክንያት አለ። በ1862 በወጣው ሕግ መሠረት ጠፍ መሬት ተሰጥቶት የሰፈረ ሰው፣ ይዞታውን በስሙ ለማጽናት በአካባቢው ጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲያወጣ ከ1879 ጀምሮ ይገደድ ነበር። ክፍያው አንባቢ የሌለውን ጋዜጣ ሳይቀር አኑሯል።

አብዛኞቹ ሳምንታዊ ነበሩ። የብዙዎቹ ግማሽ ገጽ በትልቅ ከተማ ታትሞ የሚመጣ ስለነበር ተከታታይ ልብ ወለድና የመድኃኒት ማስታወቂያ ይሞላዋል፤ አዘጋጁ የቀረውን ባዶ ገጽ በአካባቢው ወሬ ያትመዋል። ሟቹ የሚገኘው በዚህኛው ገጽ ነው።

በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ የተራ ሰው ሞት ከአንድ ሁለት መስመር አያልፍም ነበር። በኋላ ዜና ዕረፍቱ እየረዘመ ሄዶ የትውልድ ቦታን፣ ሟቹ ወደ ምዕራብ የተጓዘበትን መንገድ፣ ጋብቻውንና ልጆቹን ይዘረዝር ጀመር። ዕድሜ በዓመት፣ በወርና በቀን ተቆጥሮ ሲጻፍ ከሞቱ ዕለት ተነሥቶ የልደቱን ቀን ማስላት ይቻላል። ያም ሆኖ ከሁሉ የሚበልጠው ፍሬ ስለ ሟቹ የተጻፈው ሳይሆን በመጨረሻ የሚመጣው የቀሪዎች ዝርዝር ነው። ያገባች ሴት ልጅ በባሏ ስም ከነምትኖርበት ከተማ ትጠቀሳለች፤ በየግዛቱ የተበተኑ ወንድሞችም እንዲሁ። በሌላ መዝገብ ዱካዋ የጠፋ እኅት የምትገኘው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በዚያው ልማድ ውስጥ አለ፦ ሴቲቱ ራሷ ስትሞትም «ወይዘሮ እከሌ» ተብላ በባሏ ስም ስለምትጻፍ የራሷ ስም ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ዜና ዕረፍት እንደ መሐላ ቃል መወሰድ የለበትም። ነጋሪው ሟቹ ሳይሆን ያዘነ ልጅ ወይም አማች ነው፤ ፊደል ለቃሚውም ይሳሳታል። በ1876 ከሩስያ ቮልጋ አካባቢ መጥተው በኤሊስ አውራጃ የሰፈሩት ጀርመናውያን ስማቸው እንደተሰማ ስለሚጻፍ፣ አንዱ ቤተሰብ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል። ስሕተቱ ለባለሙያም አልተመለሰም። የኤምፖሪያው ጋዜጣ ባለቤት ዊልያም አለን ኋይት በ1921 ልጁ ሜሪ ስትሞትበት፣ በየጋዜጣው የወጣው ዜና ከፈረስ ወድቃ እንደሞተች ይናገር ነበር። እሱ በጻፈው ዝነኛ ዜና ዕረፍት መጀመሪያ ያስተካከለው ይህንኑ ነው፦ ሜሪ የሞተችው እየጋለበች ሳለ የዛፍ ቅርንጫፍ ጭንቅላቷን መቷት ነበር።

ዝምታውም ከስሕተቱ ያላነሰ ነው። የነጮቹ ጋዜጦች የጥቁሮችን ሞት ብዙ ጊዜ ይዘሉት ነበር። ከኬንታኪ የመጡ ጥቁር ሰፋሪዎች በ1877 የመሠረቷት ኒኮዴመስ በ1886 እና በ1887 የራሷን ሁለት ጋዜጦች አገኘች፤ ይሁንና በ1888 የባቡር ሐዲዱ ጥሏት ሲያልፍ ከተማዋ ተዳከመች፤ ጋዜጦቿም ዕድሜያቸው አጭር ሆነ።

ከእንጨት የተሠራው ርካሽ ወረቀት እየተሰባበረ በመምጣቱ ጋዜጦቹ ወደ ማይክሮፊልም ተገለበጡ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ከ2007 ጀምሮ ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ የድሮ ጋዜጦችን በኢንተርኔት በነጻ ያቀርባል። ኮምፒዩተር ግን የደበዘዘ ፊደል አሳስቶ ስለሚያነብ፣ ስም ጽፎ መፈለግ ብቻውን አያዛልቅም፤ በባል ስም፣ በጎረቤት ስም፣ በመቃብሩ ቦታ ስምም መሞከር ይገባል። ከቀብሩ በኋላ በሚወጡት እትሞች ቤተሰቡ ለለቀስተኛው የሚያቀርበው ምስጋናና ከሩቅ መጥቶ የሰነበተ ዘመድ ወሬ ስለሚታተም፣ የተከታዮቹን ሦስት ሳምንታት ጋዜጣ ሳያገላብጡ ፍለጋውን ማቆም አይገባም።